ኦቨርክሎክ ለሚደረግ የጌም ኮምፒውተር ምን ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል?

በማኅበራችን የወጣቶችና የወላጆች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር

 

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ዕድል ለሰጡኝ የማኅበሩ አስተባባሪዎች ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ርዕሱን ስነግራቸው አንደኛው "ስለ አንድ ፓወር ሰፕላይ ይሄን ያህል ይወራል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ይወራል። እንደውም ጊዜው እንዳያንሰኝ ነው የምፈራው።

ለምን ይሄን ርዕስ መረጥኩ? እዚህ አሽዶድ ውስጥ ከ14 እስከ 20 ዓመት ያሉ ብዙ ልጆቻችን ኮምፒውተር ገዝተው ሳይሆን ራሳቸው ገጣጥመው ነው የሚጫወቱት። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፤ እጅ ያፍታታል፣ ሙያም ያስተምራል። ችግሩ ገንዘቡ ላይ ነው። አንድ ልጅ 5,000 ሸቀል ቢኖረው መጀመሪያ ግራፊክስ ካርዱን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን፣ ከዚያ መብራት የሚያበሩትን ማራገቢያዎች። መጨረሻ ላይ 150 ሸቀል ሲቀረው "በዚች ሳፓክ ኮአሕ እገዛባታለሁ" ይላል። የሌላውን ዕቃ ሁሉ ሕይወት የያዘው ክፍል በተረፈ ፍርፋሪ ይገዛል ማለት ነው። ገንዘቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእናትና የአባት ነው፤ በቪዛ፣ በታሽሉሚም፣ ለ10 እና ለ12 ወር ተከፋፍሎ የሚከፈል።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ቤተሰብ ገንዘብና ስለ ቤት ደኅንነት ነው። አንዳንዱን ቃል በዕብራይስጥ፣ አንዳንዱን ደግሞ በተለመደው ስሙ እጠራለሁ፤ ሱቅ ስትገቡ የምትሰሙት እሱን ስለሆነ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፓወር ሰፕላይ ምንድነው?

ከግድግዳችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው። ወደቡ አጠገብ ካለው ከኤሽኮል ኃይል ማመንጫም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ነው። ኮምፒውተር ይሄን እንዳለ መብላት አይችልም። እሱ የሚፈልገው በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ 12 ቮልት፣ 5 ቮልትና 3.3 ቮልት ነው። ፓወር ሰፕላይ፣ በዕብራይስጥ ሳፓክ ኮአሕ የምንለው፣ ያንን ወደዚህ የሚለውጥ ሳጥን ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ኃይላቸውን የሚያገኙት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ስለዚህ ዛሬ 12 ቮልት የሚለውን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ለእናቶቻችን በምጣድ ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀቱ ካልተስተካከለ እንጀራው አንድ ጎኑ ያርራል፣ አንድ ጎኑ ሊጥ ይሆናል፣ ዓይንም አያወጣም። ጤፉ አንደኛ ደረጃ ቢሆን፣ እርሾው ቢያምር፣ ምጣዱ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው። የ12 ቮልቱ መስመር ከ5 በመቶ በላይ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም፤ ማለትም ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ መሆን የለበትም። ርካሹ ሳጥን ሥራ ሲበዛበት ይሄን ልክ አይጠብቅም። ያኔ የ2,500 ሸቀል ግራፊክስ ካርድ የያዘ ኮምፒውተር በጨዋታው መሀል ድርግም ይላል።

ድሮ ይሄ ጉዳይ ቀላል ነበር። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ፓወር ሰፕላይ 63.5 ዋት ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ የዚያ ኮምፒውተር 8088 የሚባለው ፕሮሰሰር የተነደፈው እዚሁ አገራችን፣ ኢንቴል በ1974 በከፈተው የሃይፋ ማዕከል ነው። ዛሬ አርቲኤክስ 4090 የሚባለው ግራፊክስ ካርድ ለብቻው 450 ዋት ይወስዳል። አንድ ካርድ የሰባት የድሮ ኮምፒውተሮችን ኃይል ይበላል ማለት ነው።

ኦቨርክሎክ ሲደረግ ምን ይሆናል?

ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን ወይም ግራፊክስ ካርዱን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ለዚህ ክፍት የተደረጉት በአብዛኛው በስማቸው መጨረሻ "ኬ" የሚል ፊደል ያለባቸው ናቸው።

ብዙ ልጆች "ፍጥነቱን 10 በመቶ ብጨምር የሚበላው ኃይልም 10 በመቶ ይጨምራል" ይላሉ። አይደለም። ፍጥነት ሲጨምር ፕሮሰሰሩ እንዳይሳሳት ቮልቱንም መጨመር ያስፈልጋል። ኃይል ደግሞ ከፍጥነት ጋር እኩል ሲያድግ፣ ከቮልት ጋር ግን በቮልቱ ካሬ ነው የሚያድገው። እስቲ እናስላው። ፍጥነቱን በ10 በመቶ፣ ቮልቱንም በ10 በመቶ ጨመርን እንበል። 1.1 ሲባዛ በ1.1 ሲባዛ በ1.1፣ ውጤቱ 1.33 ነው። 125 ዋት ይበላ የነበረው አሁን 166 ዋት ይበላል። 10 በመቶ ፍጥነት ለማግኘት 33 በመቶ ኃይል ከፈልን። ያ ሁሉ ኃይል ደግሞ መጨረሻው ሙቀት ነው።

ቮልት ላይ መጫወት ቀልድ እንዳልሆነ ከፋብሪካዎቹም መማር ይቻላል። በ2024 ኢንቴል ራሱ 13ኛውና 14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልት እየጠየቁ እንደሚጎዱ አሳውቆ፣ በባዮስ የሚጫን ማስተካከያ አወጣ፤ የዋስትናውንም ዘመን በ2 ዓመት አራዘመ። ከእነዚህ አንዱ ያላችሁ ልጆች ኦቨርክሎክ ከማሰባችሁ በፊት ባዮሱን አድሱ። ይሄን ዛሬ ማታ ቤት ገብታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ስንት ዋት ይበቃል?

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ሁለት ምሳሌ እሰጣችኋለሁ፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል።

ከባዱ ይሄ ነው፦ ኮር አይ7-13700ኬ ፕሮሰሰርና አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ። ፕሮሰሰሩ ያለ ኦቨርክሎክ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ እስከ 253 ዋት ይደርሳል። ፍጥነቱን 5 በመቶ፣ ቮልቱን 8 በመቶ ብንጨምርበት ወደ 310 ዋት ይጠጋል። ካርዱ በፋብሪካ ልኩ 320 ዋት ነው፤ የኃይል ጣሪያው ከፍ ሲደረግ 360 ዋት እንበለው። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክ፣ ማራገቢያና የውሃ ማቀዝቀዣው ፓምፕ አንድ ላይ 75 ዋት እንያዝላቸው። ድምሩ 745 ዋት ነው።

ይሄ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ እስከ ጣሪያው ሲሠሩ ነው፤ በመፈተኛ ፕሮግራም እንጂ በጨዋታ ላይ አያጋጥምም ማለት ይቻላል። በጨዋታ ላይ ፕሮሰሰሩ ከዚያ ብዙ ያነሰ ይበላል። 170 ዋት ብንለው ድምሩ 605 ይሆናል። እኔ የምከተለው ልክ እንዲህ ነው፦ የጨዋታው ድምር ከፓወር ሰፕላዩ አቅም 70 በመቶ ገደማ ላይ ይዋል፤ የከፋው ድምር ደግሞ ከአቅሙ በታች ይሁን። 605ን ለ0.7 ብናካፍል ወደ 860 ይመጣል፤ ከባዱ 745ም ከ850 በታች ነው። ስለዚህ ለዚህ ኮምፒውተር ጥራት ያለው 850 ዋት ይበቃል። የካርዱ ፋብሪካ ያለ ኦቨርክሎክ 750 ዋት ነው የሚመክረው፤ እኛ የጨመርነው ለኦቨርክሎኩ ነው።

ክፍተት መተው ለምን አስፈለገ? ግራፊክስ ካርዶች ኃይል የሚበሉት እንደ አምፖል እኩል እኩል አይደለም። ለሺኛ ሴኮንድ ያህል ከልካቸው በላይ ዘለው ይመለሳሉ። ዓይናችን አያየውም፣ ፓወር ሰፕላዩ ግን ያየዋል፤ "አደጋ መጣ" ብሎም ይጠፋል። ለዚህ ነው በ2022 ኤቲኤክስ 3.0 የሚባል አዲስ ደንብ የወጣው። በዚያ ደንብ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ የአቅሙን ሁለት እጥፍ ዝላይ ለ100 ማይክሮሴኮንድ ችሎ ማለፍ አለበት። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ኤቲኤክስ 3.0 ወይም 3.1 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ።

ቀላሉ ምሳሌ ደግሞ ይሄው፦ ኮር አይ5-12400ኤፍና አርቲኤክስ 4060። ይሄ ፕሮሰሰር "ኬ" የለውም፤ ቢበዛ 117 ዋት ነው። ካርዱ 115 ዋት ነው። ለሌላው 60 ብንይዝ ድምሩ 292 ዋት ብቻ! ለዚህ የካርዱ ፋብሪካ የሚመክረው 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ሻጩ "ለወደፊቱ ይጠቅምሃል" ብሎ 1,000 ዋት ቢያቀርብላችሁ፣ አባቶቻችን "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚሉት እሱ ነው። የተረፈውን ገንዘብ ጥራቱ ላይ አውሉት።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝን እዚህ ላይ ልመልስ። "850 ዋት ከገዛ መብራቱ አይቆጥርብንም ወይ?" አይቆጥርም። 850 አቅሙ ነው፣ ሁልጊዜ የሚበላው አይደለም። 50 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ 10 ሰው ሲሳፈር የ50 ሰው ቲኬት አይቆረጥም። ኮምፒውተሩ በጨዋታ ላይ 600 ዋት ከፈለገ፣ 90 በመቶ ብቃት ባለው ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው 667 ዋት ይሳባል። በቀን 4 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ቢጫወት 970 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 2,500 ዋቱ የውሃ ማሞቂያ ዱድ በቀን አንድ ሰዓት ቢበራ በዓመት 912 ይበላል። ስለዚህ ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ዱዱን ማን እንደረሳው ጠይቁ!

መለያው ላይ ምን ይነበባል?

ሳጥኑ ላይ በትልቁ "750" ስለተጻፈ 750 ዋት ነው ማለት አይደለም። ጎኑ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ሰንጠረዥ አለ። እዚያ ላይ 12 ቮልት የሚለውን ፈልጉ፤ ከሥሩ የአምፔር ቁጥር አለ። ያንን በ12 አባዙት። ጥሩ የ750 ዋት ፓወር ሰፕላይ ላይ 62 አምፔር ታገኛላችሁ፤ 62 ሲባዛ በ12፣ 744 ዋት። እውነተኛ 750 ነው። 38 አምፔር የሚል ከሆነ ግን 456 ዋት ብቻ ነው። ቀሪው 5 እና 3.3 ቮልት ላይ ተከፋፍሎ ቁጥሩን ለማሳበጥ የተጻፈ ነው፤ ለጌም ኮምፒውተር አይጠቅምም። ይሄን ለማወቅ የስድስተኛ ክፍል ማባዛት ይበቃል።

ሁለተኛው የሚታየው 80 ፕላስ የሚል ምልክት ነው። ይሄ የብቃት ምስክር ነው፤ በ2004 የተጀመረ ሲሆን ከተራው ተነሥቶ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲኒየምና ታይታኒየም እያለ ይወጣል። በ115 ቮልት ፈተና በግማሽ ጭነት ላይ ነሐሱ 85 በመቶ፣ ወርቁ 90 በመቶ ብቃት ማሳየት አለበት። ቀድሞ ባሰላነው የ600 ዋት ምሳሌ ልዩነቱ 39 ዋት ነው። በቀን 4 ሰዓት ብናሰላው በዓመት 57 ኪሎዋት ሰዓት፤ አንዱን በ60 አጎራ ብንይዘው 34 ሸቀል ይሆናል። በ7 ዓመት 240 ሸቀል አካባቢ። ስለዚህ ብዙ ለሚጫወት ሰው ወርቁ ዋጋውን ቀስ በቀስ ይመልሳል፤ ትንሽ ለሚጫወት ግን ጥሩ ነሐስ አያሳፍርም።

ግን ተጠንቀቁ፤ 80 ፕላስ የሚለካው ብቃትን ብቻ ነው። መከላከያዎቹ ይሠራሉ ወይ? ቮልቱ ይረጋጋል ወይ? ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች እስከ 105 ዲግሪ የሚችሉ ናቸው ወይስ 85? እነዚህን አይነግራችሁም። ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በኛ የነሐሴ ሙቀት ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። የታወቀ ስምም ለብቻው አይበቃም። በ2021 ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የወጡ ሁለት ወርቅ ምልክት ያላቸው ሞዴሎች በገለልተኛ ፈተና ላይ እየፈነዱ ስላስቸገሩ፣ ድርጅቱ መከላከያው የሚያጠፋበትን ልክ ዝቅ አድርጎ ለገዢዎች ልዋጭ አቅርቧል። ስለዚህ የድርጅቱን ስም ሳይሆን የሞዴሉን ስም ጽፋችሁ፣ ከፍተው የፈተሹ ሰዎች ምን እንዳሉ አንብቡ። የዋስትናውንም ዘመን፣ አሕራዩቱን፣ እዩ። 7 ወይም 10 ዓመት የሚሰጥ ድርጅት ዕቃውን ያምነዋል፤ አንድ ዓመት የሚሰጠውም ዕቃውን ያውቀዋል።

ስለ ገመዶች

ልጆች፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

አንደኛ፣ ገመዶቻቸው የሚነቀሉ ሞዱላር ፓወር ሰፕላዮች አሉ። የአንዱን ገመድ በሌላው ላይ በጭራሽ አትሰኩ። መሰኪያው ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አደራደር ደንብ የለውም፤ እያንዳንዱ ድርጅት እንደፈለገ ነው የሚሠራው። 5 ቮልት መግባት ያለበት ቦታ 12 ቮልት ቢገባ፣ ዲስካችሁ ከነፎቶው ከነትምህርቱ በአንድ ቅጽበት ይሞታል። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ የአሮጌውን ገመድ ሁሉ አውጡ።

ሁለተኛ፣ ባለ 8 ፒኑ የግራፊክስ መሰኪያ በደንቡ 150 ዋት፣ ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ራሱ 75 ዋት ይሰጣል። ካርዳችሁ ሁለት ባለ 8 ፒን ከጠየቀ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ከፓወር ሰፕላዩ ሳቡለት። ጫፉ ላይ ሁለት ራስ ያለውን አንድ ገመድ አታሸክሙት፤ በተለይ ኦቨርክሎክ ካለ።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ባለ 16 ፒን መሰኪያ እስከ 600 ዋት ያሳልፋል። በ2022 መጨረሻ በአርቲኤክስ 4090 ካርዶች ላይ ይሄ መሰኪያ እየቀለጠ ብዙ ወሬ ተነሣ፤ ኤንቪዲያ ባደረገው ማጣራት የተለመደው ምክንያት መሰኪያው እስከ ጥጉ አለመግባቱ እንደሆነ ገለጸ። ኋላ የመጣው የተሻሻለ መሰኪያ በደንብ ካልገባ ኃይል እንዳያሳልፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ያም ሆነ ይህ፣ እስከ መጨረሻው ግፉት፣ በዓይናችሁ አረጋግጡ፣ ሥሩ ላይም አትጠፉት።

አራተኛና የመጨረሻው፦ ፓወር ሰፕላይን ከፍታችሁ ለመጠገን አትሞክሩ። ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይሄ ሰው ይገድላል። የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ይቀየራል እንጂ አይከፈትም።

ቤታችን ይችለዋል ወይ?

ብዙ ቤት ውስጥ የልጁ ክፍል ማማዱ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩት ቤቶች ውስጥ ያለው ይሄ የኮንክሪት ክፍል ከሮኬት ያድነናል፤ አየር ግን እንደልብ አይዘዋወርበትም። በሩና የብረት መስኮቱ ሲዘጋ 600 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ማለት ትንሽ የክረምት ማሞቂያ በነሐሴ መለኮስ ነው። ፓወር ሰፕላይ ሲሞቅ አቅሙ ይቀንሳል። ጥሩዎቹ ሙሉ ዋታቸውን እስከ 40 ወይም 50 ዲግሪ እንደሚሰጡ ይጽፋሉ፤ ርካሾቹ ስለ ሙቀት ዝም ይላሉ። ስለዚህ ማማድ ውስጥ የሚጫወት ልጅ በሩን ይክፈት፣ ሳጥኑን ከግድግዳ ያርቅ፣ ምንጣፍ ላይ አያስቀምጥ፤ ፓወር ሰፕላዩ አየር የሚስበው ብዙውን ጊዜ ከሥር ነውና። የባሕሩ እርጥበትና የሻራቩ አቧራ አንድ ላይ ሲሆኑ ማጣሪያው ላይ እንደ ጭቃ ይጋገራሉ። በየሁለት ሦስት ወሩ ይጽዳ።

ሁለተኛው ጉዳይ ማከፋፈያው፣ መፋጼል የምንለው ነው። የአንድ ሶኬት መስመር ብዙውን ጊዜ 16 አምፔር ነው። 16 ሲባዛ በ230፣ 3,680 ዋት። ኮምፒውተሩ 670 ዋት፣ ማሞቂያው 2,000 ዋት፣ የውሃ ማፍያው 2,000 ዋት፤ ድምሩ 4,670 ነው። አለፈ! ጥሩ ማቋረጫ ካለ ይጠፋል፤ ርካሽ መፋጼል ከሆነ ግን ማቋረጫው ሳይጠፋ በፊት ፕላስቲኩ ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ምጣዱና የሻባት ፕላታው ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ መፋጼል ላይ አይዋሉ። አንዱን መፋጼል በሌላው ላይ መሰካትም ይቅር።

ሦስተኛው፣ ሦስተኛዋ የሶኬት ቀዳዳ ለጌጥ አይደለችም፤ የመሬት መስመር ናት። በሳጥኑ ብረት ላይ ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ ልጃችሁን የምታድነው እሷና ማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፓሓት የሚባለው ማቋረጫ ናቸው። ፓሓቱ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለ፤ አልፎ አልፎ ተጭናችሁ መጥፋቱን እዩ። አልጠፋ ካለ ወይም ቤታችሁ አሮጌ ሆኖ የመሬት መስመር ካጠራጠራችሁ ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ ይጠራ። እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጠብም።

ስላገለገለ ዕቃ

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ይቻላል፤ ጎበዝ ገዢ ሞክሮ ይገዛል። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ግን አልመክርም። ዕድሜውን ከውጭ ማየት አይቻልም፣ ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው፣ ገመዱም የራሱ መሆኑን ማን ያውቃል? የግድ ከሆነ ደረሰኙን፣ የሞዴሉን ስምና የቀረውን ዋስትና ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ እናንተም የላችሁም።

ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች ኮምፒውተር ለምትልኩም አንድ ቃል። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የኛ ፓወር ሰፕላይ እዚያም ይሠራል፤ "100-240" የሚል መጻፉን ብቻ እዩ። የመሰኪያው ቅርጽ ግን ስለሚለይ እዚያው የሚሆን ገመድ ይገዛለት። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ግፊት ስንት ፍሪጅ እንደተቃጠለ ወላጆቻችን ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አብሮ ዩፒኤስ ወይም ስታቢላይዘር ቢኖር ዕቃው ዕድሜ ያገኛል። ኦቨርክሎኩንም ከመላካችሁ በፊት አጥፉት።

ለወላጆች አምስት ጥያቄ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ዕብራይስጡንና ቴክኒኩን ልጆቹ ያውቁታል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ እነሱ ያስተረጉማሉ፣ እናንተ ትከፍላላችሁ። ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት ልጃችሁን አስቀምጡና በአማርኛ እነዚህን ጠይቁት፦

1. የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ድምር ስንት ዋት ነው? በወረቀት ጽፈህ አሳየኝ።
2. ኦቨርክሎክ ልታደርግ ነው? ከሆነ ምን ያህል ጨመርክለት?
3. በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ስንት አምፔር ተጽፏል?
4. ይሄን ሞዴል ከፍቶ የፈተሸው አለ? ምን አለ?
5. ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? ደረሰኙን የት ነው የምናስቀምጠው?

መልስ ካለው በደስታ ክፈሉለት። መልስ ከሌለው አትቆጡት፤ "ፈልገህ ና፣ እጠብቅሃለሁ" በሉት። አንድ ልጅ ይሄን ለእናቱ በአማርኛ ማስረዳት ከቻለ በርግጥ ገብቶታል ማለት ነው። እናንተም ልጃችሁ ማማዱ ውስጥ ሲቀመጥ ጊዜ እያጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ ኦም የሚባለውን ሕግ፣ ማባዛቱንና ማካፈሉን እየሠራበት እንደሆነ ታያላችሁ። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ቂርያት ጋት ላይ የኢንቴል ፋብሪካ አለ፤ ሐሽማላይነትም ሆነ የኤሌክትሮኒክስ ምሕንድስና የሚጀምረው እንደዚህ ካለ ጥያቄ ነው።

ለእናንተ ለወንድሞቼና ለእህቶቼ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ኮምፒውተራችሁ በጨዋታ መሀል ድርግም ብሎ ከጠፋ መጀመሪያ ኦቨርክሎኩን ወደ ፋብሪካው ልክ መልሱትና ሞክሩ። ያኔ ካልጠፋ ችግሩ ቮልቱ ወይም የፓወር ሰፕላዩ አቅም ነው። አሁንም ከጠፋ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ጤነኛ ለውጣችሁ ሞክሩ። የሚቃጠል ሽታ ከሸተታችሁ ግን ሙከራ የለም፤ ከግድግዳው ንቀሉና ሰው ጥሩ። ከጠቅላላ ገንዘባችሁም 10 በመቶ ያህሉን ከመጀመሪያው ለፓወር ሰፕላይ ለዩለት። ማራገቢያው መብራት ባያበራም ጨዋታው ያው ነው።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይላሉ አባቶቻችን። ከመግዛትም በፊት ማስላት ይቅደም። ዕቃ ለመምረጥ ስትወጡ እርዳታ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ማክሰኞ ማታ በማኅበሩ ክፍል አለሁ፤ የሞዴሉን ስም ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናሰላለን። ወላጆችም ኑ፤ ቡና ካለ ደግሞ እኔም ቶሎ አልሄድም።